የሁለት ዝቅተኛ ዋጋ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ንጽጽር፦ አትሎን 3000ጂ እና ፔንቲየም ጎልድ ጂ6400 በቱላ ላሉ ተጠቃሚዎች ካላቸው ፋይዳ አንጻር

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በዝቅተኛ ዋጋ ለገበያ የቀረቡ ሁለት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮችን፣ ማለትም የኤኤምዲን አትሎን 3000ጂ እና የኢንቴልን ፔንቲየም ጎልድ ጂ6400፣ በአፈጻጸምና በዋጋ ተመጣጣኝነት ያነጻጽራል። የንጽጽሩ መነሻ በሐዋሳ ከተማ ቱላ አካባቢ የሚገኙ ሦስት ዓይነት ተጠቃሚዎች ናቸው፦ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ አገልግሎት ሰጪ፣ የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል እና የሁለተኛ ዲግሪ ተመራማሪ። ስሌቱ በአምራቾቹ ይፋዊ ዝርዝር መግለጫ ላይ የተመሠረተ ነው። ፔንቲየሙ በሰዓት ምት 14 በመቶ ገደማ ብልጫ ቢኖረውም ኤቪኤክስ የተባለው የቬክተር ትእዛዝ ስብስብ የለውም፤ በዚህም ምክንያት አንዳንድ የምርምር ሶፍትዌሮች ከናካቴው አይነሡበትም። በሌላ በኩል የፕሮሰሰሩ ዋጋ ብቻውን ሲታይ አትሎን በሁሉም መለኪያ ርካሽ ቢመስልም፣ የሙሉው ኮምፒውተር ዋጋ ሲሰላ ለተራ የቢሮ ሥራ ብልጫው ወደ ፔንቲየም ይዞራል። ስለዚህ ለተመራማሪው አትሎንን ተመራጭ የሚያደርገው የዋጋው ዝቅተኛነት ሳይሆን የትእዛዝ ስብስቡ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ፕሮሰሰር፣ ኤቪኤክስ፣ የዋጋ ተመጣጣኝነት፣ ቱላ፣ ሐዋሳ

1. መግቢያ

ቱላ ከሐዋሳ መሀል ከተማ በስተደቡብ፣ ወደ ዲላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ አካባቢ ናት። በከተማው አስተዳደር አወቃቀር በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ሥር የምትጠቃለል ሲሆን፣ የከተማና የገጠር ኑሮ ጎን ለጎን ይታይባታል። እንዲህ ባለ አካባቢ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ወይም ተቋም ብዙውን ጊዜ የሚገዛው አንድ ብቻ ነው፤ ያንኑ አንድ ኮምፒውተርም ለብዙ ዓመታት ሊገለገልበት ያስባል። ምርጫው ከተሳሳተ በሌላ መተካት ቀላል አይሆንም።

የውጭ ምንዛሬ ሁኔታ የምርጫውን ክብደት ጨምሮታል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከፈቀደ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የኮምፒውተር ክፍሎች በሙሉ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው፣ በዶላር ሲታይ ትንሽ የሚመስል የዋጋ ልዩነት በብር ሲመነዘር ለተማሪም ሆነ ለትምህርት ቤት ትርጉም ያለው ገንዘብ ሆኗል። በ57 ብር ሂሳብ 855 ብር የነበረው የ15 ዶላር ልዩነት በ100 ብር ሂሳብ 1,500 ብር ይሆናል።

ገዢዎች ፕሮሰሰር ሲመርጡ የሚያነጻጽሩት በአብዛኛው ሦስት ነገሮችን ነው፦ ጊጋኸርዙን፣ የኮሩን ብዛትና ዋጋውን። የግዢ ሰነዶችም ብዙውን ጊዜ በእነዚሁ ቁጥሮች ይወሰናሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ለምርጫ በቂ አይደሉም የሚል ነው። ለዚህም በኮርና በትሬድ ብዛት እኩል የሆኑ፣ በዋጋም የሚቀራረቡ፣ ሆኖም በማሸጊያቸው ላይ በጉልህ በማይጻፍ አንድ ባሕርይ እጅግ የሚለያዩ ሁለት ፕሮሰሰሮች ለማሳያነት ተመርጠዋል።

2. የጥናቱ ስልትና ወሰን

ንጽጽሩ በሦስት ደረጃዎች ተከናውኗል። በመጀመሪያ አምራቾቹ ካወጧቸው ዝርዝር መግለጫዎች የኮር ብዛት፣ የሰዓት ምት፣ የካሽ መጠን፣ የሙቀት ገደብና የትእዛዝ ስብስብ ተወስደዋል። ቀጥሎ ከእነዚህ አኃዞች በመነሣት እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በንድፈ ሐሳብ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ የስሌት አቅም ተሰልቷል። በመጨረሻም አቅሙ ለዋጋ ተመጥኖ፣ ውጤቱ በሦስት የአጠቃቀም ማሳያዎች ላይ ተፈትሿል።

ዋጋዎቹ ፕሮሰሰሮቹ ለገበያ ሲቀርቡ አምራቾቹ ያወጧቸው የዶላር ዋጋዎች ናቸው። የችርቻሮ ዋጋ ከሱቅ ሱቅና ከወር ወር ስለሚለያይ ለንጽጽር የጸና መነሻ አይሆንም። አንባቢው የሱቁን ዋጋ በዚህ ጽሑፍ ቀመሮች ውስጥ በማስገባት የራሱን ውጤት ማግኘት ይችላል። በንድፈ ሐሳብ የተሰላ አቅም የላይኛውን ጣሪያ የሚያሳይ መሆኑም ሊስተዋል ይገባል፤ በተግባር የሚገኘው ፍጥነት በማህደረ ትውስታ፣ በዲስክና በፕሮግራሙ አጻጻፍ ምክንያት ከዚያ ያነሰ ይሆናል።

3. የሁለቱ ፕሮሰሰሮች ገጽታ

አትሎን 3000ጂ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በ49 ዶላር ዋጋ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የተሠራው ኤኤምዲ በ2017 ባስተዋወቀው የዜን ንድፍ ነው። ፔንቲየም ጎልድ ጂ6400 ደግሞ በ2020 በ64 ዶላር የቀረበ ሲሆን፣ የኢንቴል 10ኛ ትውልድ ቤተሰብ አባል ነው። የኮሩ መሠረታዊ ንድፍ ግን ከ2015 የስካይሌክ ንድፍ የወረደ ነው።

ሠንጠረዥ 1፦ የሁለቱ ፕሮሰሰሮች ዋና ዋና ባሕርያት

| ባሕርይ | አትሎን 3000ጂ | ፔንቲየም ጎልድ ጂ6400 |
|---|---|---|
| የመነሻ ዋጋ | 49 ዶላር | 64 ዶላር |
| ኮር እና ትሬድ | 2 እና 4 | 2 እና 4 |
| የሰዓት ምት | 3.5 ጊጋኸርዝ | 4.0 ጊጋኸርዝ |
| ሦስተኛ ደረጃ ካሽ | 4 ሜጋባይት | 4 ሜጋባይት |
| የሙቀት ገደብ | 35 ዋት | 58 ዋት |
| አብሮ የተሠራ ግራፊክስ | ቬጋ 3 | ዩኤችዲ 610 |
| ኤቪኤክስ፣ ኤቪኤክስ2 እና ኤፍኤምኤ | አለው | የለውም |
| ሶኬት | ኤኤም4 | ኤልጂኤ1200 |

ከሠንጠረዡ እንደሚታየው ሁለቱም ባለ ሁለት ኮርና ባለ አራት ትሬድ ናቸው፤ ሁለቱም ተመሳሳይ የካሽ መጠን አላቸው፤ ሁለቱም ዊንዶውስ 11ን ከሚደግፉ ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያቆመ በመሆኑ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። ልዩነታቸው በሰዓት ምት፣ በግራፊክስ፣ በሙቀትና ከሁሉም በላይ በትእዛዝ ስብስብ ላይ ነው።

4. የአፈጻጸም ንጽጽር

4.1 ተራ የቢሮ ሥራ

ደብዳቤ መጻፍ፣ ሰንጠረዥ መሥራት፣ ኢንተርኔት መጎብኘትና ሰነድ ማተም በአብዛኛው በአንድ ኮር ፍጥነት የሚወሰኑ ሥራዎች ናቸው። በዚህ ረገድ የፔንቲየሙ 4.0 ጊጋኸርዝ ከአትሎን 3.5 ጊጋኸርዝ በ14 በመቶ ገደማ ይበልጣል። የስካይሌክ ኮር በአንድ የሰዓት ምት የሚያከናውነው ተራ ሥራ ከመጀመሪያው የዜን ኮር ስለማያንስ፣ ይህ ብልጫ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

ሆኖም አንድ ሰነድ ለመክፈት ሰባት ሰከንድ የሚፈጀው በስድስት ሰከንድ ሲከፈት ተጠቃሚው ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል። በሃርድ ዲስክና በኤስኤስዲ መካከል ያለው ልዩነት ግን ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ ለቢሮ ሥራ የፔንቲየሙ ብልጫ እውነተኛ ቢሆንም ወሳኝ አይደለም።

4.2 የቬክተር ስሌትና የኤቪኤክስ ጉዳይ

ፕሮሰሰር ቁጥሮችን አንድ በአንድ ብቻ ሳይሆን በጅምላ ሊያሰላ ይችላል። ኤቪኤክስ የተባለው የትእዛዝ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2011 በኢንቴል ሳንዲ ብሪጅ ፕሮሰሰሮች ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ 256 ቢት ስፋት ባለው መያዣ አራት ባለ 64 ቢት የአስርዮሽ ቁጥሮችን በአንድ ትእዛዝ ለማስላት ያስችላል። በ2013 ከሃስዌል ንድፍ ጋር የመጡት ኤቪኤክስ2 እና ኤፍኤምኤ ይህን አሰፉት። በተለይ ኤፍኤምኤ ማባዛትንና መደመርን በአንድ ትእዛዝ ያጣምራል። የማትሪክስ ስሌት በመሠረቱ ማባዛትና መደመር በመሆኑ፣ ለስታቲስቲክስና ለማሽን ለርኒንግ ይህ የጀርባ አጥንት ነው።

ኢንቴል እስከ 10ኛው ትውልድ ድረስ በፔንቲየምና በሴለሮን ስም በሚሸጣቸው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ይህን ችሎታ ይዘጋው ነበር። ኮሩ ከኮር አይ3 ቤተሰብ ጋር አንድ ዓይነት ንድፍ ቢኖረውም፣ በውስጡ ያለው ኤቪኤክስ ለተጠቃሚው ክፍት አልነበረም። ይህ የቴክኒክ እጥረት ሳይሆን ርካሹን ምርት ከውዱ ለመለየት የተደረገ የገበያ ውሳኔ ነው። ኢንቴል ይህን አሠራር የተወው በ2022 በወጣው 12ኛ ትውልድ ፔንቲየም ላይ ነው።

ውጤቱ በስሌት ሲታይ እንደሚከተለው ነው። የአትሎን አንድ ኮር በአንድ የሰዓት ምት ቢበዛ 8 ባለ 64 ቢት የአስርዮሽ ስሌቶችን ያከናውናል። የዜን ንድፍ ባለ 256 ቢቱን ትእዛዝ ለሁለት ከፍሎ ስለሚያስኬደው፣ ብልጫው የሚመነጨው በዋናነት ከኤፍኤምኤ ነው። ፔንቲየሙ በ128 ቢት መያዣና ያለ ኤፍኤምኤ ስለሚሠራ በአንድ ምት የሚያከናውነው ቢበዛ 4 ስሌት ነው። አንድ ጊጋፍሎፕስ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን የአስርዮሽ ስሌት መሆኑን በመያዝ የሚከተለው ይገኛል፦

አትሎን 3000ጂ፦ 2 ኮር × 3.5 × 8 = 56 ጊጋፍሎፕስ

ፔንቲየም ጎልድ ጂ6400፦ 2 ኮር × 4.0 × 4 = 32 ጊጋፍሎፕስ

በሰዓት ምት ቀዳሚ የነበረው ፕሮሰሰር በቬክተር ስሌት በ75 በመቶ ተበልጧል። ነገር ግን የፍጥነት ልዩነት ከጉዳዩ ግማሹ ብቻ ነው። የኤቪኤክስ አለመኖር በሶፍትዌሮች ላይ ሁለት ዓይነት ውጤት አለው። የመጀመሪያው መዘግየት ነው። የፓይተን ኑምፓይን የመሰሉ መሣሪያዎች የፕሮሰሰሩን ዓይነት በሥራ ሰዓት ለይተው ለእርሱ የሚስማማውን የስሌት መንገድ ስለሚመርጡ፣ በፔንቲየሙ ላይም ይሠራሉ፤ የሚዘገዩት ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን መቆም ነው። ቴንሰርፍሎው እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው 1.6 ስሪት ጀምሮ ተዘጋጅቶ የሚወርደው ፓኬጁ ኤቪኤክስን የግድ ይጠይቃል፤ በሌለበት ፕሮሰሰር ላይ ሲጫን ፕሮግራሙ ሕገወጥ ትእዛዝ የሚል መልእክት አሳይቶ ይዘጋል። የሞንጎዲቢ የመረጃ ቋትም ከ5.0 ስሪት ጀምሮ ተመሳሳይ ግዴታ አለው።

የዚህን ትርጉም በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። እንሰት በሲዳማና በአካባቢው ዋነኛ የምግብ ምንጭ ሲሆን፣ በባክቴሪያ የሚመጣው የእንሰት አጠውልግ በሽታ በኢትዮጵያ በሳይንሳዊ መንገድ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። አንድ ተማሪ የታመመን ቅጠል ከጤናማው በፎቶግራፍ የሚለይ ትንሽ ሞዴል በቴንሰርፍሎው ለመሥራት ቢነሣ፣ ፔንቲየሙ ሥራውን የሚያዘገይበት ሳይሆን የሚከለክለው ይሆናል። መፍትሔ የለም ማለት አይደለም፤ ሶፍትዌሩን ከምንጭ ኮዱ ያለ ኤቪኤክስ ማጠናቀር ይቻላል። ነገር ግን ይህ በባለ ሁለት ኮር ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰዓታት የሚፈጅ፣ ሰፊ ማህደረ ትውስታ የሚጠይቅና መብራት በመሀል ከጠፋ ሊቋረጥ የሚችል ሥራ ነው። በኢንተርኔት የሚገኙ የስሌት አገልግሎቶችን መጠቀምም ሌላው መንገድ ሲሆን፣ የማይቆራረጥ ግንኙነትን ቅድመ ሁኔታ ያደርጋል።

4.3 ግራፊክስና ማህደረ ትውስታ

የአትሎን ቬጋ 3 ግራፊክስ 192 የስሌት ክፍሎች ያሉት ሲሆን በ1,100 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ በ32 ቢት ስሌት ጣሪያው 422 ጊጋፍሎፕስ ገደማ ነው። የፔንቲየሙ ዩኤችዲ 610 ባለ 12 አሃድ ሲሆን ጣሪያው 202 ጊጋፍሎፕስ ገደማ ነው። ለካርታ ሥራ፣ ለቀላል ባለ ሦስት አውታር ንድፍና ለትምህርታዊ አኒሜሽን አትሎን ከእጥፍ በላይ አቅም አለው።

ይህ አቅም ግን በማህደረ ትውስታው አገጣጠም ሊባክን ይችላል። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ለግራፊክስ የሚጠቀሙት የኮምፒውተሩን ዋና ራም ነው። ዲዲአር4-2666 የተባለ አንድ ራም ብቻውን ሲገጠም በሰከንድ 21.3 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ ሁለት ሆኖ በሁለት መስመር ሲገጠም 42.7 ጊጋባይት ይደርሳል። ስለዚህ 8 ጊጋባይት ራም የሚገዛ ሰው አንድ ባለ 8 ከመግዛት ሁለት ባለ 4 ቢገዛ፣ አጠቃላይ መጠኑ ሳይለወጥ የመተላለፊያውን ስፋት በእጥፍ ያሳድጋል። ወደፊት ራሙን ለማሳደግ ያሰበ ደግሞ ማዘርቦርዱ ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለው አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

4.4 ኃይልና ሙቀት

የሙቀት ገደብ የማቀዝቀዣውን አቅም ለመወሰን የሚወጣ ቁጥር እንጂ ትክክለኛ የኃይል ፍጆታ አይደለም። ኮምፒውተሩ ያለ ሥራ ሲቀመጥ የሁለቱ ልዩነት ጥቂት ነው። በላይኛው ወሰን፣ ማለትም ሁለቱም ሙሉ ቀን በሙሉ አቅማቸው ቢሠሩ፣ የ23 ዋት ልዩነት በቀን 8 ሰዓት በዓመት 250 ቀን ሲሰላ 46 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ በኤሌክትሪክ ሂሳብ ላይ ጎልቶ የሚታይ አይደለም። ፋይዳው የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው፤ በዩፒኤስ የሚሠራ ኮምፒውተር አነስተኛ ኃይል በሳበ መጠን ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚገኘው ጊዜ ይረዝማል።

የሐዋሳ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየር እፍጋት ከባሕር ወለሉ በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል። አንድ ማራገቢያ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲዞር ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። በበጋ ወራት ከመንገድ የሚነሣ አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች ሲደፍን ችግሩ ይጨምራል። ለሁለቱም ፕሮሰሰሮች ይህ አደገኛ ባይሆንም፣ 35 ዋቱ ከ58 ዋቱ የተሻለ መጠባበቂያ አለው።

5. የዋጋ ተመጣጣኝነት

የዋጋ ተመጣጣኝነት ብዙውን ጊዜ የሚሰላው የፕሮሰሰሩን ዋጋ ለአቅሙ በማካፈል ነው። ለተራ ሥራ የኮር ብዛት በጊጋኸርዝ ተባዝቶ እንደ መለኪያ ቢወሰድ፣ አትሎን 7.0 የኮር ጊጋኸርዝ፣ ፔንቲየም 8.0 የኮር ጊጋኸርዝ ይኖራቸዋል። ለአንድ የኮር ጊጋኸርዝ አትሎን 7 ዶላር፣ ፔንቲየም 8 ዶላር ያስከፍላሉ። ለአንድ ጊጋፍሎፕስ ደግሞ አትሎን 0.88 ዶላር፣ ፔንቲየም 2 ዶላር። በዚህ አሰላል አትሎን በሁለቱም መለኪያ ያሸንፋል፤ ብዙ ገዢዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ።

ይሁን እንጂ ፕሮሰሰር ብቻውን አይሠራም። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኬዝና ሞኒተር አብረው ይገዛሉ። ለስሌት ያህል የእነዚህ ድምር 250 ዶላር ነው ቢባል፣ የአትሎኑ ሙሉ ኮምፒውተር 299፣ የፔንቲየሙ 314 ዶላር ይሆናል። ውጤቱ በሠንጠረዥ 2 ቀርቧል።

ሠንጠረዥ 2፦ የዋጋ ተመጣጣኝነት በፕሮሰሰርና በሙሉ ኮምፒውተር ደረጃ፣ በዶላር

| መለኪያ | አትሎን 3000ጂ | ፔንቲየም ጎልድ ጂ6400 |
|---|---|---|
| ፕሮሰሰር ብቻ፣ ለአንድ የኮር ጊጋኸርዝ | 7.00 | 8.00 |
| ሙሉ ኮምፒውተር፣ ለአንድ የኮር ጊጋኸርዝ | 42.71 | 39.25 |
| ፕሮሰሰር ብቻ፣ ለአንድ ጊጋፍሎፕስ | 0.88 | 2.00 |
| ሙሉ ኮምፒውተር፣ ለአንድ ጊጋፍሎፕስ | 5.34 | 9.81 |

ሙሉው ኮምፒውተር ሲሰላ ለተራ ሥራ ፔንቲየሙ ቀድሟል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በፕሮሰሰሩ ላይ የተጨመረው 15 ዶላር ከጠቅላላው ወጪ 5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ያስገኘው የሰዓት ምት ጭማሪ ግን 14 በመቶ ነው። ይህ ውጤት በ250 ዶላሩ ግምት ላይ የተንጠለጠለ አለመሆኑን ማሳየት ይቻላል። የቀሪዎቹ ክፍሎች ዋጋ ቀ ቢባል፣ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት (49 + ቀ) ÷ 7 ከ(64 + ቀ) ÷ 8 ጋር ሲተካከል፣ ማለትም ቀ 56 ዶላር ሲሆን ነው። የቀሪዎቹ ክፍሎች ድምር ከ56 ዶላር ባለፈ ቁጥር ለተራ ሥራ ፔንቲየሙ ይበልጣል፤ ማዘርቦርድ፣ ራምና ዲስክ ያሉበት አዲስ ኮምፒውተር ደግሞ ከዚህ በታች ሊገጣጠም አይችልም።

በቬክተር ስሌት ግን የቀሪዎቹ ክፍሎች ዋጋ ምንም ያህል ቢሆን አትሎን ይቀድማል፤ በዋጋ አንሶ በአቅም የሚበልጥ ነውና። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የአንድን ፕሮሰሰር ዋጋ ለብቻው ነጥሎ ማነጻጸር ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ሊያደርስ እንደሚችል ነው።

6. ሦስት የአጠቃቀም ማሳያዎች

የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ አገልግሎት። ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ፎቶ የሚያስተካክልና ሰነድ የሚያትም አንድ ባለሙያ በሁለቱም ፕሮሰሰሮች ሥራውን ያለ ችግር ይሠራል። በስሌቱ መሠረት ፔንቲየሙ መጠነኛ ብልጫ አለው። ሆኖም በጀቱ ጠባብ ከሆነና የ15 ዶላሩ ልዩነት ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ለመሸጋገር የሚያስችል ከሆነ፣ አትሎንን ገዝቶ ልዩነቱን በዲስኩ ላይ ማዋል የተሻለ ፍጥነት ያስገኛል።

የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል። በሠንጠረዥ 2 ግምት ሃያ ባለ ፔንቲየም ኮምፒውተሮች 6,280 ዶላር ያስወጣሉ፤ ሃያ አንድ ባለ አትሎን ኮምፒውተሮች ደግሞ 6,279 ዶላር። ትምህርት ቤቱ በተመሳሳይ ገንዘብ አንድ ተጨማሪ ኮምፒውተር ያገኛል ማለት ነው። አንድ ኮምፒውተር ለሁለትና ለሦስት ተማሪ በሚዳረስበት ክፍል ይህ አንድ ተጨማሪ መቀመጫ ከ14 በመቶ የሰዓት ምት ይልቅ ክብደት አለው። የግራፊክሱ እጥፍ አቅምና ሃያ ኮምፒውተሮች በአንድ ክፍል የሚያመነጩት ሙቀት መቀነሱም ምርጫውን ያጠናክሩታል።

የሁለተኛ ዲግሪ ተመራማሪ። በመጠይቅ የተሰበሰበን መረጃ በኤስፒኤስኤስ ወይም በአር የሚተነትን ተማሪ በሁለቱም ፕሮሰሰሮች ሥራውን ይጨርሳል። ምስል፣ ድምፅ ወይም ጽሑፍ በማሽን ለርኒንግ የሚያጠና ተማሪ ግን ከፔንቲየሙ መራቅ አለበት። አትሎንም ቢሆን ለከባድ ሞዴል ሥልጠና የተሠራ አይደለም፤ የሚያገለግለው ኮድ ለመጻፍ፣ ትንንሽ ሞዴሎችን ለመሞከርና ሥራው በዩኒቨርሲቲው ወይም በሌላ ከፍተኛ ኮምፒውተር ላይ ከመጫኑ በፊት ስሕተቶችን ለማረም ነው። የምርምር ሥራ አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈውም በዚህ ዝግጅት ላይ በመሆኑ፣ ቤት ያለው ኮምፒውተር ሶፍትዌሩን ማስነሣት መቻሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

7. የማሻሻል ዕድልና ሌሎች አማራጮች

ፔንቲየሙን አስቀድሞ የገዛ ሰው ማዘርቦርዱን መጣል አይገባውም። በኤልጂኤ1200 ሶኬት ላይ የኢንቴል 10ኛ ትውልድ ኮር አይ3-10100 ሊገጠም ይችላል። ይህ ፕሮሰሰር 4 ኮርና 8 ትሬድ ያለው ሲሆን ኤቪኤክስ2ንም ያካትታል። ፕሮሰሰሩን ብቻ በመቀየር የትእዛዝ ስብስቡም የኮር እጥረቱም በአንድ ጊዜ ይፈታሉ። ኤች410 ቺፕሴት ያላቸው ማዘርቦርዶች በመደበኛ ደረጃ 11ኛውን ትውልድ ስለማይቀበሉ ግን ወደዚያ ለመሻገር ማሰብ አያስፈልግም።

አትሎን የሚቀመጥበት ኤኤም4 ሶኬት ረጅም ዕድሜ አሳይቷል። ኤኤምዲ በ2022 ኤ320ን ለመሳሰሉ ቀደምት ማዘርቦርዶችም የ5000 ተከታታይ ራይዘን ፕሮሰሰሮችን ድጋፍ የፈቀደ በመሆኑ፣ የማዘርቦርዱ አምራች ተገቢውን የባዮስ ማሻሻያ ካወጣ ባለ ስድስት ኮሩን ራይዘን 5 5600ጂ መግጠም ይቻላል። ማሻሻያው መጫን ያለበት አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ነው፤ መብራት በመሀል እንዳይጠፋም ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

በገበያው ላይ በስፋት የሚታየው ሦስተኛ አማራጭ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ለምሳሌ የ2015ቱ ኮር አይ5-6500 አራት ኮርና ኤቪኤክስ2 ስላለው፣ በ3.2 ጊጋኸርዝ የንድፈ ሐሳብ ጣሪያው 205 ጊጋፍሎፕስ ገደማ ነው፤ ይህም ከአትሎኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ጉድለቱ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አለመደገፉ ነው። ሊኑክስን ለመጠቀም ፈቃደኛ ለሆነ ተመራማሪ ይህ ጉድለት ብዙም አያስጨንቅም፤ ለጽሕፈት አገልግሎትና ለትምህርት ቤት ግን ሊታሰብበት ይገባል። ያገለገለ ዕቃ ዋስትና ላይኖረው ስለሚችል ዲስኩና ፓወር ሰፕላዩ ከመገዛታቸው በፊት መፈተሽ አለባቸው።

8. መደምደሚያና አስተያየት

ንጽጽሩ ሦስት ድምዳሜዎችን ያስገኛል። አንደኛ፣ በኮርና በትሬድ ብዛት እኩል የሆኑ ፕሮሰሰሮች በትእዛዝ ስብስብ ምክንያት በጣም ሊለያዩ ይችላሉ፤ ከፍ ያለ ጊጋኸርዝና ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ፔንቲየም በቬክተር ስሌት ከርካሹ አትሎን ያንሳል፤ በአንዳንድ ሶፍትዌሮችም ፈጽሞ አያገለግልም። ሁለተኛ፣ የዋጋ ተመጣጣኝነት በሙሉው ኮምፒውተር ደረጃ ካልተሰላ የተገላቢጦሽ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚበልጥ አንድ ፕሮሰሰር የለም፤ ለጽሕፈት አገልግሎት ፔንቲየሙ በጥቂቱ ሲሻል፣ ለትምህርት ቤትና ለተመራማሪ አትሎን ይመረጣል።

ከእነዚህ በመነሣት ሁለት አስተያየቶች ይቀርባሉ። ለትምህርት ክፍሎችና ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የሚገዙ አካላት የጨረታ መግለጫ ሲያዘጋጁ፣ ከጊጋኸርዝና ከኮር ብዛት በተጨማሪ ኤቪኤክስ2ን የሚደግፍ የሚል አንድ ሐረግ ቢያክሉ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ተጫራች የሚያመጣው ዕቃ ለምርምር የሚውል መሆኑ ይረጋገጣል። በግላቸው የሚገዙ ተማሪዎች ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ኮምፒውተሩን አስነሥተው በዊንዶውስ ላይ ሲፒዩ-ዚ በተባለው ነጻ ፕሮግራም፣ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ከርነሉ በሚያሳየው የፕሮሰሰር መረጃ ውስጥ ኤቪኤክስ2 መኖሩን ማየት ይችላሉ። ፍተሻው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ፕሮሰሰሩ ገና በካርቶን ውስጥ ከሆነ የሞዴሉን ቁጥር በአምራቹ ይፋዊ መግለጫ ላይ ማመሳከር ተመሳሳይ መልስ ይሰጣል።

ለቀጣይ ጥናት የሚሆነው ጉዳይ በንድፈ ሐሳብ የተሰላውን አቅም በተግባር መለካት ነው። ሁለቱን ፕሮሰሰሮች በተመሳሳይ ራምና ዲስክ አስታጥቆ፣ በአካባቢው ተማሪዎች የሚሠሩባቸውን ሶፍትዌሮች በማስኬድ የሥራ ጊዜን፣ የኃይል ፍጆታን እና የሙቀት መጠንን በሐዋሳ የአየር ሁኔታ መመዝገብ፣ እዚህ የቀረበው ስሌት ምን ያህል ከእውነታው ጋር እንደሚጣጣም ያሳያል።